38 ሚሊዮን ቶን መዳብ «ተገኘ» ሲባል ምን ማለት ነው? የፖርፊሪ ክምችት አፈጣጠር፣ ፍለጋና የቁጥሮቹ አነባበብ

በሜይ 2025 ቪኩኛ የተባለው ፕሮጀክት የመጀመሪያውን የማዕድን ሀብት ግምት ይፋ አደረገ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፕሮጀክቱ በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር፣ በአንዲስ ተራሮች አናት ላይ ይገኛል፤ ባለቤቶቹ ቢኤችፒና ሉንዲን ማይኒንግ የተባሉት የማዕድን ኩባንያዎች ሲሆኑ ድርሻቸው እኩል ነው። መግለጫው 13 ሚሊዮን ቶን መዳብ በአንድ መደብ፣ 25 ሚሊዮን ቶን ደግሞ በሌላ መደብ አስቀመጠ። ሁለቱ ቁጥሮች ተደምረው ወሬው «38 ሚሊዮን ቶን መዳብ ተገኘ» ሆነ። የመዳብ ዋጋ በዚያው ዓመት መጨረሻ በቶን ከ11 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ስለወጣ፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን በዋጋው አባዝቶ ሊገመት የማይችል ሀብት አየበት።

ስሌቱ የተሳሳተው ማባዛቱ ላይ አይደለም። አለት ውስጥ ያለ መዳብና ወደብ ላይ የደረሰ መዳብ አንድ ተደርገው መታየታቸው ነው ስህተቱ። ሁለቱ መደቦችም የማይደመሩበት በቂ ምክንያት አላቸው። ይህን ለመረዳት ግን መጀመሪያ እንዲህ ያለው ክምችት ከምን እንደተሠራና ባለሙያዎች እንዴት እንደሚደርሱበት ማየት ያስፈልጋል።

በአንድ ቶን አለት ውስጥ 5 ኪሎ

ፖርፊሪ የአለት ስም ነው። ከምድር ውስጥ የመጣ ቅልጥ አለት (ማግማ) ወደ ላይ እየወጣ ሳለ መጀመሪያ በዝግታ፣ ኋላ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ፣ በደቃቅ መደብ ላይ ጎላ ጎላ ያሉ የፌልድስፓር ክሪስታሎች የተበተኑበት አለት ይሆናል። «የፖርፊሪ መዳብ» የሚባለው በእንዲህ ያለ አለት ውስጥና ዙሪያ የሚገኝ ክምችት ነው። መዳቡ እንደ ወርቅ ጅማት አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይገኝም። በፀጉር ቅጥነት ካለው እስከ ጣት ውፍረት በሚደርሱ፣ በሁሉም አቅጣጫ በተጠላለፉ የኳርትዝ ስንጥቆች ውስጥና በአለቱ ገላ ላይ በደቃቅ ፍሬ ተረጭቶ ይገኛል። ዋናዎቹ የመዳብ ማዕድናት ካልኮፒራይት (35 በመቶ ገደማ መዳብ)፣ ቦርናይት (63 በመቶ) እና ካልኮሳይት (80 በመቶ ገደማ) ናቸው።

የአለቱ አማካይ የመዳብ ይዘት ብዙውን ጊዜ ከ0.3 እስከ 1 በመቶ ነው። 0.5 በመቶ ማለት በአንድ ቶን አለት ውስጥ 5 ኪሎ መዳብ አለ ማለት ነው። ይህ እጅግ ትንሽ ነው። የሚያዋጣው የአለቱ ብዛት ነው፤ አንድ ትልቅ ክምችት አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ስፋት፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት፣ በቢሊዮን ቶን የሚቆጠር ክብደት ሊኖረው ይችላል። በዓለም ከሚመረተው መዳብ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው፣ ሞሊብደነም ከተባለው ብረታ ብረትም ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከዚህ ዓይነት ክምችት ነው።

ከሥር የሚሆነው

አብዛኞቹ ክምችቶች የሚገኙት የውቅያኖስ ወለል ከአህጉር ሥር በሚሰርግባቸው የምድር ጠርዞች ላይ ነው። የአንዲስ ተራሮች፣ የአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ፊሊፒንስና ፓፑዋ ኒው ጊኒ የዚህ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። የሚሰርገው ወለል በውስጡ የያዘውን ውሃ ከላዩ ላለው ትኩስ አለት ይለቃል። ውሃው የአለቱን የመቅለጫ ሙቀት ስለሚያወርድ ማግማ ይፈጠራል። ይህ ማግማ ሁለት ነገሮችን አሟልቶ መገኘት አለበት። አንደኛው ብዙ ውሃ ነው፤ በክብደት ከ4 በመቶ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። ሁለተኛው በኦክስጅን የበለጸገ መሆኑ ነው። ኦክስጅን ካነሰ ሰልፈሩ ገና ከታች ወደ ሰልፋይድ (ብረታ ብረት ከሰልፈር ጋር የተዋሐደበት ማዕድን) ይለወጥና መዳቡን አብሮት ያስቀረዋል። ኦክስጅን በበቂ ሁኔታ ካለ ሰልፈሩ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በሰልፌት መልክ ይቆያል፤ መዳቡም ከማግማው ጋር ወደ ላይ ይጓዛል።

ማግማው ከ5 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ባለ ክፍል ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ቀጫጭን ግንዶች ወደ ገጽታው አቅጣጫ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር እስኪቀራቸው ይወጣሉ። ግፊቱ ሲቀንስ ጨዋማው የጋለ ውሃ ከማግማው ይለያል፤ መዳብ፣ ወርቅ፣ ሞሊብደነምና ሰልፈር ይዞ ይወጣል። ግፊቱ አለቱን ይሰነጣጥቀዋል፤ ውሃው በስንጥቆቹ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ወደ 300 እየወረደ ሲሄድ የመዳቡ አብዛኛው ክፍል በሰልፋይድ መልክ ይረጋል። ሂደቱ ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በምድር ዕድሜ ሲለካ አጭር ነው። ማግማው አንዴ ሳይሆን ተደጋግሞ ከወጣ ክምችቱ ሊወፍር ይችላል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ግንድ ግን ብዙ ጊዜ ባዶ ስለሆነ መሐሉን ሰንጥቆ ያለፈበት ቦታ ላይ መዳብ አይኖርም። ለፍለጋ ሠራተኞች ይህ ትልቅ ወጥመድ ነው፤ የቁፋሮ ጉድጓዱ በባዶው ግንድ ላይ ካረፈ ጥሩ ክምችት እንደሌለ ተቆጥሮ ሊታለፍ ይችላል።

የተለወጠው አለት እንደ ካርታ

የጋለው ውሃ መዳቡን ብቻ አይደለም የሚተወው፤ ያለፈበትን አለት ሁሉ ይለውጠዋል። ለውጡ ከመሐል ወደ ውጭ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ይታያል። በመሐል ሙቀቱ ከፍተኛ በነበረበት ቦታ ፖታሲየም የበዛበት ለውጥ አለ፤ ቡናማ ባዮታይት፣ ሮዝ ፌልድስፓርና ማግኔታይት (ማግኔት የሚስበው የብረት ማዕድን) ይታያሉ። አብዛኛው መዳብ የሚገኘው እዚህ ነው። ከእሱ ላይና ዙሪያ አለቱ ነጣ ብሎ በሰሪሳይት (ደቃቅ ነጭ ማይካ)፣ በኳርትዝና በፒራይት ይሞላል። ፒራይት የብረትና የሰልፈር ማዕድን ነው፤ ወርቅ ይመስላል፣ መዳብ ግን የለውም። ወደ ውጭ ሲኬድ ክሎራይትና ኤፒዶት ያረንጉት አለት ይመጣል፤ ይህ ቀለበት ከማዕከሉ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊርቅ ይችላል። ከሁሉ በላይ፣ በአናቱ፣ አሲዳማ ጋዝ የበላው አለት እንደ ቆብ ይቀመጣል፤ በውስጡ አሉናይት፣ ሸክላና ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ኳርትዝ አለ።

ይህን ንድፍ በግልጽ ያስቀመጡት ጂኦሎጂስቶቹ ዴቪድ ሎውልና ጆን ጊልበርት ናቸው፤ ጽሑፋቸው በ1970 ወጣ። መነሻቸው በአሪዞና ያሉት የሳን ማኑኤልና የካላማዙ ክምችቶች ናቸው። ሎውል በ1965 አካባቢ የሳን ማኑኤልን የለውጥ ቀለበቶች ሲያጠና ንድፉ ግማሽ ብቻ ሆኖ አገኘው። ክምችቱ በአንድ ትልቅ የአለት ስብራት ተቆርጦ የቀረው ግማሽ ወደ ሌላ ቦታ እንደተንሸራተተ ደመደመ። የስብራቱን አቅጣጫ ተከትሎ በመቆፈር ካላማዙን አገኘ። መዳብ ጨርሶ በማይታይበት መሬት ላይ አለትን በማንበብ ብቻ የተገኘ ክምችት ስለሆነ፣ በእኛ ግምት ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ የፍለጋውን ሙያ የለወጠው ይህ ነው።

ከላይ የታጠበ፣ ከታች የበለጸገ

ተራራው በዝናብና በነፋስ እየተሸረሸረ ክምችቱ ወደ ገጽታው ሲቀርብ ሌላ ሂደት ይጀምራል። ፒራይት ከአየርና ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ መዳቡን ያሟሟዋል፤ መዳቡ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ኦክስጅን ስለሌለ፣ የሟሟው መዳብ እዚያ በነበሩት ሰልፋይዶች ላይ ካልኮሳይት ሆኖ ይረጋል። ከ1 በመቶ በታች የነበረው ይዘት በዚህ መንገድ ወደ 2 እና 3 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ይህ እንዲሆን በቂ ፒራይት፣ አዝጋሚ የመሬት መነሳትና ደረቅ የአየር ጠባይ ያስፈልጋል። ሽርሸራው ከፈጠነ የበለጸገው ንጣፍ ሳይጠራቀም ይጠረጋል።

የሰሜን ቺሊው ኤስኮንዲዳ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ሎውል በመራው የፍለጋ ፕሮግራም በማርች 1981 ተገኘ፤ ማምረት የጀመረው በ1990 ነው፤ ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ መዳብ ያወጣል፤ በዓለም አንደኛ ነው። ከላይ ያለው አለት መዳቡ ታጥቦ የወጣለት ስለነበር፣ በገጽታው ላይ ከመዳብ ይልቅ በቀላሉ የማይታጠበው ሞሊብደነም ነበር ፍንጭ የሰጠው። ከዚህ በተጨማሪ በአለቱ ላይ የቀረው የዝገት ቀለም ይነበባል። ካልኮሳይት ተበልቶ የሚተወው ዝገት ጠቆር ያለ ቀይ ሲሆን ፒራይት የሚተወው ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ያለበትን ድንጋይ ብቻ ፈልጎ የሚሄድ ሰው እንዲህ ያለውን ቦታ አልፎት ይሄዳል።

የፍለጋው ቅደም ተከተል

ሥራው የሚጀምረው ከሰፊው መሬት ነው። የወንዝ ደለል ናሙና ይወሰዳል፤ አንድ ናሙና ለጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ተፋሰስ። ደለሉ 0.18 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል፤ ደቃቁ ይመረመራል። በተራ መሬት ላይ በሚሊዮን ውስጥ ከ20 እስከ 60 እጅ መዳብ የተለመደ ነው፤ ከ100 ወይም ከ200 በላይ ሲሆን ወደ ላይ ተከትሎ መሄድ ይገባል። ከዚያ በመስመር የአፈር ናሙና ይለቀማል፤ ጂኦሎጂስቱ የአለቱን ዓይነት፣ የስንጥቆቹን ብዛትና አቅጣጫ፣ የለውጡን ቀለበቶች በካርታ ላይ ያሰፍራል። የሳተላይት ምስልም ይረዳል። በ1999 የመጠቀው አስተር የተባለው መሣሪያ ሰሪሳይትን፣ አሉናይትንና ሸክላን ከነጸብራቃቸው ይለያል። ለዚህ የሚጠቅመው አጭር ሞገዱን የሚያነበው ክፍሉ በ2008 ስለተበላሸ ዛሬም የሚሠራው ከዚያ በፊት በተነሱት ምስሎች ነው።

ቀጥሎ የመሬት ፊዚክስ ልኬት ይመጣል። የማግኔት ልኬት በመሐል ያለውን ማግኔታይት ያሳያል፤ በዙሪያው ያለው የሰሪሳይት ቀጠና ማግኔታይቱ ስለተበላ ዝቅ ብሎ ይታያል። አንድ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ፦ በምድር ወገብ አካባቢ የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም ስለሆነ ማግኔታይት የበዛበት አለት ከፍ ብሎ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ይነበባል። በቺሊ የተማሩትን ንድፍ እንዳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወይም ወደ ኢንዶኔዥያ ማምጣት ዒላማውን መገልበጥ ነው።

ሁለተኛው ልኬት በእንግሊዝኛ ምህፃሩ አይፒ ይባላል። ወደ መሬት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይላካል፣ ይቋረጣል፤ ከዚያ የቀረው ቮልቴጅ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፋ ይለካል። የተረጨ ሰልፋይድ ያለበት አለት እንደ ባትሪ ስለሚይዝ ቀስ ብሎ ይለቃል። ችግሩ መሣሪያው ካልኮፒራይትን ከፒራይት የማይለይ መሆኑ ነው። በውጭው ቀለበት ፒራይት እስከ 5 እና 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል፤ በመዳቡ መሐል ግን ጠቅላላ ሰልፋይዱ 2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከፍተኛው ምልክት የሚገኘው ከመዳቡ ውጭ ነው። በልኬቱ ካርታ ላይ በጣም ቀዩን ቦታ መርጦ የቆፈረ ቡድን መቶዎች ሜትር ፒራይት አውጥቶ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተተዉ ጥሩ ዒላማዎች አሉ ብለን እናምናለን።

መጨረሻው ፈተና ቁፋሮ ነው። የአልማዝ ጥርስ ያለው ቱቦ አለቱን ክብ አድርጎ እየቆረጠ ኮር የሚባለውን የድንጋይ ዘንግ ያወጣል። የዘንጉ ውፍረት ከላይ 85 ሚሊ ሜትር፣ ዝቅ ሲል 63.5፣ ጉድጓዱ ሲጠልቅ 47.6 ይሆናል። ዘንጉ በርዝመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ለማስረጃ ይቀመጣል፣ ግማሹ በሁለት በሁለት ሜትር ተከፍሎ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የ63.5 ሚሊ ሜትሩ ዘንግ የሁለት ሜትር ግማሽ 8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። እሱ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይደቅቃል፤ ከዚያ ተከፍሎ ጥቂቱ ከ75 ማይክሮን በታች እስኪሆን ይፈጫል፤ ከዱቄቱ ሩብ ግራም ብቻ ተወስዶ በአራት አሲዶች ይሟሟል። ጉድጓዶቹ በመቶ ሜትር ርቀት ላይ ካሉ፣ ያ ሩብ ግራም 50 ሺህ ቶን የሚደርስ አለት ወክሎ እየተናገረ ነው። በየሃያው ናሙና አንድ ባዶ ድንጋይ፣ አንድ ይዘቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙናና አንድ ድጋሚ ናሙና ሳይነገር የሚቀላቀለው ለዚህ ነው። ላቦራቶሪው ባዶው ድንጋይ ውስጥ መዳብ ካገኘ መፍጫው አልተጸዳም፤ ያ ዙር በሙሉ ይደገማል።

ቁፋሮው ራሱም ይሳሳታል። ስንጥቆቹ ወደ ታች የቆሙ ከሆኑ ቀጥ ብሎ የወረደ ጉድጓድ ከአንዱ ጋር ጎን ለጎን ይሄድና ይዘቱን አለአግባብ ያጋንናል፣ ወይም በሁለት ስንጥቅ መካከል ያልፍና ምንም አያገኝም። ስለዚህ ጉድጓዱ ከአግድም 60 ወይም 70 ዲግሪ ያህል አዘቅዝቆ ይቆፈራል። ካልኮሳይት ደግሞ ልል ጥቁር ዱቄት ሆኖ የሚገኝበት ቦታ አለ፤ የቁፋሮው ውሃ አጥቦ ይወስደዋል። ከተቆረጠው አለት ምን ያህሉ እንደወጣ በየሜትሩ የማይመዘግብ ቡድን ያመለጠውን መዳብ መኖሩን ሳያውቅ ይቀራል።

የ858 ሜትሩ ጉድጓድ

የቪኩኛ ግማሽ የሆነው ፊሎ ዴል ሶል በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው መመርመር የጀመረው። ለረጅም ጊዜ ትኩረቱ በገጽታው አቅራቢያ ያለው፣ በአሲድ ሊታጠብ የሚችለው ክፍል ነበር። በሜይ 2021 ግን ቁጥር 41 የተሰጠው ጉድጓድ 858 ሜትር ርዝመት ያለው፣ አማካይ ይዘቱ 1.80 በመቶ «የመዳብ አቻ» የሆነ ማዕድን እንዳገኘ ተነገረ። ክምችቱን የያዘው ኩባንያ የገበያ ዋጋ ከዚያ በኋላ ነው የተለወጠው። በ2025 መጀመሪያ ቢኤችፒና ሉንዲን በ3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልለው ገዙት።

የመዳብ አቻ ማለት ወርቁና ብሩ በዋጋቸው ተሰልተው ወደ መዳብ ተለውጠው የተደመሩበት ቁጥር ነው። በዚያ ጉድጓድ የመዳቡ ድርሻ ብቻ 0.86 በመቶ ነበር፤ የቀረው በቶን 0.70 ግራም ወርቅና 48 ግራም ብር ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን የወርቅና የብር ዋጋ ሲለዋወጥ አለቱ ሳይነካ «የመዳብ ይዘቱ» ይለወጣል። ሌላም አለ። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ 163 ሜትሩ 5.43 በመቶ አቻ ነበረው። እሱን አውጥተን የቀረውን 695 ሜትር ብንመለከት አማካዩ 0.95 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህም ጥሩ ነው፤ ከብዙ የሚሠሩ ማዕድን ማውጫዎች ይበልጣል። ግን ርዕሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግማሽ ያህል ነው። የቁፋሮ ዜና የሚያነብ ሰው «ከዚህም ውስጥ» ከሚለው ሐረግ በኋላ ያለውን ቁጥር ሁልጊዜ ቀንሶ ቢያሰላ ብዙ አይሳሳትም።

ሪሶርስና ሪዘርቭ

ሪሶርስ በጂኦሎጂ ማስረጃ የተደገፈ፣ ወደፊት በአዋጭነት ሊወጣ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ክምችት ነው። እንደ ማስረጃው ጥንካሬ በሦስት ይከፈላል፦ የተለካ፣ የተመላከተ፣ የተገመተ። የመጨረሻው የተቆፈረው በሰፊ ርቀት ስለሆነ በሁለት ጉድጓዶች መካከል ማዕድኑ መቀጠሉ ታስቦ እንጂ ተረጋግጦ አይደለም። የማዕድን ማውጫ ዕቅድ በእሱ ላይ ተመሥርቶ ብድር አይጠየቅም። ሪዘርቭ ደግሞ ከተለካውና ከተመላከተው ሪሶርስ ውስጥ የማውጫው ዘዴ፣ የማቀነባበሪያው ብክነት፣ ወጪው፣ ፈቃዱና ዋጋው ታስበው ሊወጣ እንደሚችል የተረጋገጠው ክፍል ብቻ ነው።

ከቪኩኛው መግለጫ 13 ሚሊዮኑ የተለካና የተመላከተ፣ 25 ሚሊዮኑ የተገመተ ሪሶርስ ነው። ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደካማው መደብ ውስጥ ነው ማለት ነው። የካናዳው የሪፖርት ደንብ ሁለቱን መደመር የሚከለክለው ለዚህ ነው፤ ደንቡ የወጣውም በ1997 ብሬ-ኤክስ የተባለው ኩባንያ በኢንዶኔዥያ አገኘሁ ያለው ወርቅ በናሙና ማጭበርበር የተፈጠረ መሆኑ ከተጋለጠ በኋላ ነው። ደግሞም ዓለም በዓመት ከማዕድን የሚያወጣው መዳብ 23 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው። 38ቱም ሚሊዮን ቢወጣ የሁለት ዓመት ፍጆታ አይሞላም፤ የሚወጣውም በአሥርተ ዓመታት ተከፋፍሎ ነው።

ከክምችት እስከ ማውጫ

0.5 በመቶ ይዘት ካለው አለት፣ 87 በመቶው ተለይቶ ቢወጣ፣ ለአንድ ቶን መዳብ 230 ቶን አለት መፈጨት አለበት። በላዩ ያለውን ባዶ አለት ማንሳት ሲጨመር ቁጥሩ በቀላሉ እጥፍ ይሆናል። አለቱ ተሰባብሮ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ይፈጫል፤ ከውሃ ጋር ይቀላቀላል፤ ኖራ ተጨምሮ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) 10 ወይም 11 ይደረጋል፤ ፒራይቱ እንዳይንሳፈፍ የሚያግደው ኖራው ነው። ከዚያ ሰልፋይዱን ውሃ ጠል የሚያደርግ ኬሚካል ይገባና አየር ይነፋል፤ የመዳቡ ፍሬ ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፋል። የሚገኘው ኮንሰንትሬት ከ25 እስከ 30 በመቶ መዳብ ይይዛል፤ ወደ ማቅለጫ ይላካል። የቀረው ከ220 ቶን በላይ ዝቃጭ ለዘላለም የሚጠበቅ ግድብ ይፈልጋል። በኦገስት 2014 በካናዳ ማውንት ፖሊ የፖርፊሪ መዳብና ወርቅ ማውጫ ግድቡ ሲደረመስ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃና ዝቃጭ ወደ ሐይቆች ፈሷል። ምክንያቱ ከመሠረቱ ሥር የነበረ፣ በምርመራ በቂ ትኩረት ያላገኘ ደካማ የሸክላ ንጣፍ ነው።

ውሃ ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። ኤስኮንዲዳ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ከከርሰ ምድር መቅዳት አቁሞ ከባሕር ጨዉ የተለየ ውሃ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ወደ ላይ ይገፋል። ቪኩኛ ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ስለሆነ የበረዶ ግግሮችን የሚጠብቀው የአርጀንቲና የ2010 ሕግ ከዋና ጉዳዮቹ አንዱ ነው። አርጀንቲና አሉምብሬራ የተባለው ማውጫዋ በ2018 ካበቃ ወዲህ ትልቅ የመዳብ ምርት የላትም፤ የመንግሥቱ ፍላጎት ከፍተኛ መሆኑም ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ አርሴኒክ እምብዛም አይወራም፤ ሊወራ ይገባል። እንደ ፊሎ ዴል ሶል ባሉ፣ የላይኛው አሲዳማ ቆብ ከፖርፊሪው ጋር በተደራረበባቸው ቦታዎች ኤናርጋይት የሚባል ማዕድን የተለመደ ነው። ግማሽ ያህሉ መዳብ ነው፤ 19 በመቶው ግን አርሴኒክ ነው። ማቅለጫዎች ከ0.2 በመቶ አካባቢ ጀምሮ ቅጣት ያስከፍላሉ፤ ቻይና ከ0.5 በመቶ በላይ ያለው ኮንሰንትሬት እንዲገባ አትፈቅድም። ይዘቱ እጅግ የሚያምረው የጉድጓድ ክፍል ለመሸጥ እጅግ የሚያስቸግረው ሊሆን ይችላል።

እጥረቱ ከመሬት ነው ወይስ ከሰው?

አንዱ ወገን አማካይ ይዘቱ እየወረደ፣ አዳዲሶቹ ግኝቶች እየጠለቁ መምጣታቸውን ይጠቅሳል። በአሪዞና ያለው ሪዞሉሽን ለዚህ ይጠቀሳል፤ በ1995 የተገኘው ይህ ክምችት ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ጥልቀት ላይ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሆኖት አንድ ቶን አላመረተም። ሌላው ወገን ይዘቱ የወረደው መሬቱ ስለተሟጠጠ ሳይሆን ትላልቅ ማሽኖች ዝቅተኛውን አዋጭ ስላደረጉት ነው ይላል። በዩታ የቢንግሃም ካንየን ማውጫ ከ1906 ጀምሮ በሰፊው ሲሠራ፣ 2 በመቶ ይዘት ለብዙዎች የማይረባ ይመስል ነበር፤ ዛሬ 2 በመቶ ሀብት ነው።

ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ እኛ ግን ማስረጃው ወደ ሦስተኛ ምክንያት ያደላል እንላለን። ሪዞሉሽንን ያዘገየው ጥልቀቱ ብቻ ሳይሆን ቦታው ለአፓቼ ሕዝብ ቅዱስ መሆኑ ነው። ከዓለም ምርት 1.5 በመቶ ገደማ ይሰጥ የነበረው ኮብሬ ፓናማ በኖቬምበር 2023 የቆመው ማዕድኑ አልቆበት ሳይሆን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውሉን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ስላለ ነው። በሴፕቴምበር 2025 በኢንዶኔዥያው ግራስበርግ በመሬት ውስጥ በፈሰሰው ጭቃ ሰባት ሠራተኞች ሞቱ፤ ምርቱም ተቋረጠ። መዳቡ በመሬት ውስጥ አለ። የሰው ሕይወት ሳይጠፋ፣ ውሃ ሳይበከልና በነዋሪው ስምምነት ማውጣት ግን ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል፤ ይህን ወጪ በዋጋው ውስጥ ያላካተተ ትንበያ አይታመንም።

ኢትዮጵያስ?

በጃንዋሪ 2024 ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስናለች። አንድ የኤሌክትሪክ መኪና 80 ኪሎ ገደማ መዳብ ሲይዝ የነዳጁ 23 ኪሎ ያህል ይበቃዋል፤ ትራንስፎርመርና ቻርጀሩ ሲጨመር የአገሪቱ የመዳብ ፍላጎት ማደጉ አይቀርም። «እኛስ ጋ እንዲህ ያለ ክምችት የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ የሚመጣው መሬት ሲለጠጥና ሲከፈል ነው፤ ውሃ የጠገበውን የሰርገት ማግማ አያፈልቅም። ሰፊውን የደጋ ክፍል የሸፈነው የ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባዛልትም እንዲሁ ከሰርገት የመጣ አይደለም። በሰሜንና በምዕራብ ያሉት አሮጌ አለቶች ግን በእርግጥም ከጥንት የሰርገት ቅስቶች የተሠሩ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት ይደርሳል። ችግሩ ሽርሸራ ነው። የፖርፊሪ ክምችት የሚፈጠረው ከገጽታው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሆነ በዚህ ሁሉ ዘመን ውስጥ አብዛኛው ተጠርጎ ሄዷል። በዓለም ያሉት አብዛኞቹ ወጣት የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ፊሎ ዴል ሶል 15 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። አይቻልም ማለት አይደለም፤ የሞንጎሊያው ኦዩ ቶልጎይ 370 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖት ተርፏል። ዕድሉ ጠባብ መሆኑ ግን መነገር አለበት።

በእነዚህ አሮጌ አለቶች ውስጥ ይበልጥ የሚጠበቀው ሌላ ዓይነት ነው፦ በጥንት ባሕር ወለል ላይ ከፈላ ውሃ የተከመረ ድፍን ሰልፋይድ። በኤርትራ ቢሻ ያለው የዚህ ዓይነት ነው። በ2011 ከላይኛው የዛገ ቆብ ወርቅ ማምረት ጀመረ፤ ከዚያ በታች መዳብ፣ ኋላም ዚንክ ወጣ። መጠኑ ከትልቅ ፖርፊሪ ጋር አይወዳደርም፤ በቢሊዮን ሳይሆን በአሥር ሚሊዮኖች ቶን ነው የሚቆጠረው። ይዘቱ ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለመክፈትም በብዙ እጥፍ ያነሰ ገንዘብ ይበቃል።

ይህ ልዩነት ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ይወስናል። ድፍን ሰልፋይድ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ በአየርና በምድር በሚደረግ የኤሌክትሮማግኔቲክ ልኬት ይታያል፤ የተረጨ የፖርፊሪ ሰልፋይድ ግን ለዚህ ልኬት ብዙም አይታይም፣ አይፒ ያስፈልገዋል። በገጽታው ላይ የሚፈለገውም የቀለበት ለውጥ ሳይሆን ጠባብ፣ ረዘም ያለ፣ ቀይና ቢጫ የዛገ የአለት ጉብታ ነው። በሰሜኑ አካባቢ «ግዙፍ የፖርፊሪ መዳብ» የሚል ዜና የሚያወጣ ማንኛውም ባለፈቃድ በቅድሚያ የሚጠየቀው የቶን ቁጥሩን አይደለም። የለውጥ ካርታውን፣ የስንጥቆቹን ብዛት በሜትር፣ የኮሩን ፎቶና ከጉድጓዶቹ መካከል ባዶ የሆኑት ስንት እንደነበሩ ነው።